ምስሉ የመጣ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ሸዋ ሮቢት አስተማሪ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ነው። በሕይወቴ ብዙ ኮምፒዩተር ጠግኛለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይህን አንዱን ግን እንኳን ልረሳው፣ ዛሬም ስክሪን ጠቁሮ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከዚያ ብርድ ወጥቼ ሮቢት ስወርድ ሙቀቱ ሊገድለኝ ነበር። የመጀመሪያውን ወር ቬንትሌተር ታቅፌ ኖርኩ ብል ማጋነን አይሆንም። የማስተምረው ኮምፒዩተር ነው። ጠባዬን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ የተበላሸ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። እናቴ «አንቺ እኮ የሰው ቤት በር ሲንቋቋ ዘይት ይዘሽ የምትሄጂ ነሽ» ትለኝ ነበር።

ጋሽ ኑሩ የሚባሉ ሰው በደሴው መንገድ ዳር ኢንተርኔት ቤት ነበራቸው። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ማስቀየም የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ሰው በፍላሽ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ኮምፒዩተሮቻቸውን እየበላ ቢያስቸግራቸው፣ ቫይረስ የማይደፍረውን ሊነክስ የሚባለውን ሲስተም ጫንኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ሰላም ሆነ። እኔም በከተማው «የሊነክሷ ቲቸር» ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ስሙን አልጠላሁትም።

የምኖረው እትዬ ዘሀራ ግቢ ተከራይቼ ነበር። እትዬ ዘሀራ የጋሽ ኑሩ ታላቅ ወንድም ሚስት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ታላቁ ሰይድ ጅዳ ሄዶ የግንባታ ሠራተኛ ሆኗል። ታናሿ ፋጡማ እዚያው ግቢ ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ያን ጊዜ ድርስ እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት ስለነበር ግቢው ሁሉ እሷን እንደ እንቁላል ይዟት ነው የሚኖረው። ከሰይድ ጋር ጅዳ የሄደ አብዱ የሚባል የአጎቱ ልጅም አለ፤ የጋሽ ኑሩ ልጅ ነው። እናቱ ስትወልደው ስለሞተች ከሰይድ እኩል አጥብተው ያሳደጉት እትዬ ዘሀራ ናቸው።

እትዬ ዘሀራ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጋሽ ኑሩ ዘንድ ሄደው በኮምፒዩተር ከሰይድ ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ያወሩ ነበር። ለዚያች ሰዓት ሽቶ ይቀባሉ፣ ነጭ ሻሻቸውን ያስራሉ። ፋጡማ «እማዬ ልትዳሪ ነው እንዴ?» እያለች ትቀልድባቸዋለች።

አንድ ጠዋት ከግቢው ስወጣ ጠሩኝ።

«ቲቸር፣ ያ ያንቺ ሊነክስ ልጄን ከለከለኝ እኮ።»

«እንዴት እትዬ?»

«እሱን ከጫንሽው ወዲህ ድምፁ ይሰማኛል እንጂ ፊቱ አይታየኝም። እሱ እኔን ያየኛል አሉ። እኔ ዘንድ ግን ድፍን ጥቁር ነው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመሩ። «ድምፁም ደስ አላለኝ። ጎርነን ብሏል። ጉንፋን ነው ይለኛል፤ ቶሎ ቶሎ ይሰናበተኛል። ታሞ ደብቆኝ ይሆናል። ወላሂ አንዴ ፊቱን ባየው ይበቃኛል። ፊቱ አይዋሸኝም።»

በኀፍረት ተቃጠልኩ። ጋሽ ኑሩን በየቀኑ እያገኘኋቸው አንድም ቀን አልነገሩኝም። በልቤ፣ ይሄ የኛ ሰው ይሉኝታ፣ በነፃ ስለሠራችልኝ አላስቸግራትም ብለው ነው አልኩ። በበጎ ሥራዬ እናትና ልጅ መለያየታቸው አንገበገበኝ።

ዓርብ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። እትዬ ዘሀራን በባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ኑሩ ከጁምዓ ተመልሰው በር ላይ ቆመው ነበር፤ እኔን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምን እግር ጣለሽ ቲቸር?»

«የእትዬን ቪዲዮ ላስተካክል ነዋ! እንዴት አይነግሩኝም?»

«ኧረ ተይው። አትልፊ እባክሽ።»

እንግዲህ አገራችሁን ታውቃላችሁ። ሊያግዝ የመጣን ሰው «አትልፊ» ማለት ወግ ነው። «እሺ» ብሎ የሚመለስ ካለ እሱ ነው ባለጌ። እኔም ሳቅ ብዬ ካሜራ ያለው ኮምፒዩተር ወዳለባት በመጋረጃ የተከለለች ጥግ ገብቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ችግሩ ወዲያው ገባኝ። ኮምፒዩተር ውስጥ ምስልን ወደ ስክሪን የሚልክ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ዕቃ አለ። ሊነክስና ካርዱ የሚግባቡት ድራይቨር በሚባል ፕሮግራም ነው፤ አስተርጓሚ በሉት። የጋሽ ኑሩ ካርድ አሮጌ ስለሆነ ሊነክስ አላወቀውም፤ ለማንኛውም ካርድ የሚሆን ደካማ ድራይቨር ሰጥቶት ተቀምጧል። በዚያ ድራይቨር ጽሑፍ ይታያል፤ ፊደሉ ግን እንደ ተለጠጠ ሊጥ ወፍሯል። የሚንቀሳቀስ ምስል ሲመጣ ደግሞ ጥቁር ሳጥን ብቻ። ያኔ ሊነክሱን ጭኜ ስጨርስ ፊደሉን አይቼ ያሮጌ ስክሪን ነገር ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት።

የካርዱን ዓይነት ፈልጌ ትክክለኛውን ድራይቨር ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመርኩ። መስመሩ እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ጋሽ ኑሩ ከኋላዬ መቀመጥ አልቻሉም። መጀመሪያ ለስላሳ አስመጡልኝ። «ጠጪና አረፍ በይ።» ቀጥለው «ዛሬ መብራት የሚሄድ ይመስለኛል፤ ሌላ ቀን ይሁን» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ድምፁ ከመጣ ምን ጎደለን? ድምፅ ይበቃል» አሉ።

«ላንተ ይብቃህ!» አሉ እትዬ ዘሀራ። «እኔ ልጄን ልይበት፣ ተዋት ትሥራ!»

ጋሽ ኑሩ ለስላሳውን ወደኔ ገፋ አደረጉ። ላባቸው በአንገታቸው ይወርዳል። በዚያ ሙቀት ማን ላብ ያያል?

ድራይቨሩን ጭኜ ሪስታርት አደረግኩ። ስክሪኑ ጭራሹን ጨለመ። ቪዲዮው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ጠፋ።

«ይኸው፣ እምቢ አለ» አሉ ጋሽ ኑሩ። ድምፃቸው ቀለል ብሎ ነበር። «ተይው በቃ ልጄ። አንዳንድ ነገር ሳይታይ ይሻላል።»

«ጋሽ ኑሩ ደግሞ! እርስዎ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣሉ» ብዬ ሳቅኩባቸው። አዎ፣ ሳቅኩባቸው። ሰውዬው እየለመኑኝ ነበር። እትዬ ዘሀራ አጠገቤ ተቀምጠው በምን አፋቸው ይንገሩኝ?

እልሄ ተነሳ። ምስል ሳያስፈልገው በትእዛዝ ብቻ ወደሚሠራው የሊነክስ ገጽ ገባሁ፤ ጥቁር መደብ፣ ነጭ ፊደል። አዲሱ ድራይቨር ያ አሮጌ ስክሪን ሊሸከመው የማይችል የምስል ስፋት መርጦ ነበር። የስክሪኑን ማስተካከያ ፋይል ከፍቼ ስፋቱን በልኩ ጻፍኩለት። እንደገና አስነሳሁት።

ስክሪኑ ቦግ ብሎ መጣ። ፊደሉ ቀጥ፣ ቀለሙ ጥርት ብሏል። ካሜራውን ብከፍተው በላብ የራሰው የራሴ ፊት ድቅን አለ። እትዬ ዘሀራ ከጎኔ ብቅ ብለው ራሳቸውን ሲያዩ ከት ብለው ሳቁ።

«ያ ረቢ! ይቺ አሮጊት እኔ ነኝ? ቆይ ሻሼን ላስተካክል! እጅሽን አላህ ይባርክልሽ ልጄ!»

ዞር ስል ጋሽ ኑሩ አጠገባችን የሉም። ከመጋረጃው ውጪ ቆመው ስልክ ይደውላሉ። ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል፣ ያነሱታል፣ እንደገና ይደውላሉ። ኔትወርክ እምቢ ብሏቸዋል። ቶሎ ተመለሱና ወደ ኮምፒዩተሩ እጃቸውን ሲዘረጉ ከጅዳ ጥሪው ጮኸ።

«ክፈቺልኝ! ክፈቺልኝ!» አሉ እትዬ ዘሀራ። ከፈትኩት።

አንድ ቀጭን ወጣት ስክሪኑ ላይ መጣ። ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጣል አድርጓል። ሰይድን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። «ይኸውልዎ እትዬ!» ብዬ በደስታ ጮህኩ፤ ከዚያ ስክሪኑን ትቼ የእናቲቱን ደስታ ለማየት ወደ ፊታቸው ዞርኩ።

«እማ፣ ሰይድ ነኝ። ደህና ሰነበትሽ?» ይላል ድምፁ። «ዛሬማ አምሮብሻል! ለማን ነው እንዲህ የለበስሽው?»

ድምፁ ይስቃል። እትዬ ዘሀራ ግን አልሳቁም። ሻሻቸውን ሊያስተካክሉ ያነሱት እጅ እዚያው ቀርቷል። ዘወር ብዬ ስክሪኑን ሳይ ልጁ እየሳቀ የሚያወራው ዓይኑን በሻርፑ ጫፍ እየጠረገ ነው። እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። ምስሉ አይታይም ስለተባለ ማን ያየኛል ብሎ ነው። ጋሽ ኑሩ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉ። ምን እንደሆነ ባላውቅም አንዳች ነገር እንዳበቃ ከሳቸው ፊት ገባኝ።

«ደህና ነኝ» አሉ እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ከሻሻቸው አውርደው። «አንተስ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጉንፋኑም ለቆኛል። ሥራ በዝቶ ነው እንጂ...»

አላስጨረሱትም። ለሕፃን ልጅ እንደሚናገሩ በቀስታ «አብዱዬ፣ አታልቅስ። ዓይንህን ያምሃል» አሉት።

ልጁ ደርቆ ቀረ። ካሜራውን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ «እማ! እማ!» ሲል ሰማሁት፤ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ስክሪኑ ላይ የእትዬ ዘሀራ የራሳቸው ፊት ብቻ ቀረ።

የሚጮሁ መስሎኝ ነበር። አልጮሁም። ወደ ጋሽ ኑሩ ዞረው «መቼ ነው?» አሉ።

«ቲቸር ይሄን የጫነችልን ሰሞን። ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ ነው።»

«ማን አጠበው?»

«አብዱ። በራሱ እጅ አጥቦ፣ ጀናዛው ላይ ሰግዶ፣ እዚያው ቀበረው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ባዳ አልነካውም።» ከዚያ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፉት።

ጋሽ ኑሩ እያለቀሱ ነገሩኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ንጋት ላይ ቤት ሄዶ ነው የሚነገረው። ፋጡማ ደግሞ ድርስ ናት፤ ስትሰማ ሆዷ ያለውን እንዳታጣው ተፈራ። ስለዚህ እስክትገላገል ድረስ ከእናትም ከልጅም እንዲደበቅ ዘመድ ተመካከረ። የአብዱና የሰይድ ድምፅ ድሮም ይመሳሰል ስለነበር አብዱ ሰይድን ሆኖ እንዲያወራ ተደረገ። «ምስሉ ሲጠፋ አላህ የላከልኝ መጋረጃ ነው ብዬ ነበር» አሉኝ ጋሽ ኑሩ። እኔ ያን መጋረጃ ነው ለስላሳቸውን እየጠጣሁ የገፈፍኩት።

እትዬ ዘሀራ ቀና ሲሉ ፊታቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ አርጅቷል።

«ፋጡማ እስክትወልድ ማንም እንዳይሰማ» አሉ። «ኑሩ፣ ሰምተሃል? አብዱም ዓርብ ይደውል።» ከዚያ እጄን ያዙት። «አንቺም ልጄ፣ ይሄን ነገር እንደ ነበረው አድርጊልኝ። ፋጡማ ምስሉ ሊሠራ ነው ሲሏት፣ ለሚቀጥለው ዓርብ ወንድሜን ካላየሁ ብላለች።»

ያን ያህል ለፍቼ ያስተካከልኩትን ድራይቨር በገዛ እጄ አጠፋሁት። ደካማውን መልሼ ጫንኩ። በመጨረሻ ፊደሉ ተለጥጦ ወፈረ፤ ካሜራውን ስሞክረው ጥቁር ሳጥን መጣ። «መጣ? ጨለመ?» ይሉኛል እትዬ ዘሀራ። «ጨለመ» አልኳቸው። «አላህ ይስጥሽ» አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሦስት ሆነን ሄድን። ፋጡማ ሆዷን ይዛ ወንበሩ ላይ ተመቻቸች። እትዬ ዘሀራ ሻሻቸውን አስረዋል፤ ሽቶም ተቀብተዋል። ጥሪው መጣ። ጥቁር ሳጥን። ከጥቁሩ ውስጥ አብዱ «ሰይድ ነኝ» አለ። እትዬ ዘሀራ «ሰይድዬ፣ እህትህ እኮ እንደ ከበሮ ሆናለች፣ ታያታለህ?» ብለው ቀለዱ። ሳቁም። ሳቃቸውን ስሰማ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምኩ።

ስመለስ ፋጡማ አየችኝና ሳቀችብኝ።

«ቲቸር! ያ ሁሉ ጉራ ለዚህ ነው? አንቺም አቃተሽ?»

«አቃተኝ» አልኳት።

ያን ሰሞን ግቢ ውስጥ ሽንኩርት የሚልጡት እትዬ ዘሀራ ብቻ ሆኑ። ፋጡማ ልርዳ ስትል «አንቺ ማጎንበስ የለብሽም» ይሏታል። ጓሮ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ከሚያስፈልገው በላይ ሲልጡ፣ ሲከትፉ ይውላሉ። ዓይናቸው ሲቀላ ማንም አይጠይቃቸውም። እኔ አጠገባቸው ሄጄ እቀመጣለሁ፤ አንነጋገርም፤ እኔም ቢላዋ አነሳለሁ።

ፋጡማ ወንድ ልጅ ወለደች፤ በሰላም። ከአራስ ቤት እስክትወጣ ተጠበቀ። ከዚያ አንድ ጠዋት ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ መጡ። በሩ ሲንኳኳ ሰምቼ ነጠላዬን ደረብኩና ወጣሁ። መርዶው እንደተነገረ እትዬ ዘሀራ የጮሁትን ጩኸት እስክሞት አልረሳውም። ያን ሁሉ ሳምንት አፍነው የያዙት ነው። የጎረቤት ሴቶች «ምስኪን፣ ዱብ ዕዳ ሆነባት» ይላሉ። ፋጡማ እያለቀሰች እናቷን አቅፋ «እማዬ አይዞሽ፣ እንዴት ትችይው ይሆን?» ትላቸዋለች። እሳቸው ያ ሁሉ ዓርብ እንዴት እንደቻሉት ከጋሽ ኑሩና ከኔ በቀር በዚያ ግቢ የሚያውቅ አልነበረም። ለፋጡማ የነገሯት እንደሆን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ገና ስጀምር አቋረጡኝ።

«አንቺ ምን አደረግሽኝ? ፊቱን አሳዪኝ አልኩሽ፣ ልታሳዪኝ ለፋሽ።» እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያንን ሊነክስ ልትጭኚ ከመምጣትሽ በፊት በነበረው ዓርብ አይቼው ነበር። ምስሉ ይቆራረጥ ነበር፤ ፋጡማም ቶሎ ነይ ብላኝ ነበር። በቃ ለሳምንት አየዋለሁ ብዬ ሳልጠግበው ተነሳሁ። ፊቱ ላይ ጢም አብቅሎ ነበር፣ አላበቀለም? ወላሂ ልብ አላልኩም።»